የዓሣ አንጀት የበላችው ዶሮ

ዛሬም ድረስ ነጭ ዶሮ ሳይ ያቅለሸልሸኛል። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ።

ባለቤቴ ከግብርና ሠራተኛው አሥራ ሁለት የፈረንጅ ዶሮና አንድ ቅርጫት የእንጆሪ ችግኝ ተቀብሎ የመጣው፣ ደርግ መሬቱን ካከፋፈለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ቦታችን ከሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ ካለቀበት ላይ ነበረች። እንጆሪውን እኔ ተከልኩ፤ በእበት አሳደግኩት፤ ዶሮ እንዳይገባበት በእሾህ አጠርኩት። ዶሮዎቹን እሱ ያዘ። እህል ለሰውም አልበቃ አለና፣ ዓሣ አጥማጆቹ ዳር ላይ የሚጥሉትን አንጀት በቆርቆሮ እየሞላ ያመጣላቸው ጀመር።

ያንን ቆርቆሮ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሳይረፍድ ትል ይርመሰመስበታል። ዝንቡ ከእሱ ተነስቶ ሊጤ ላይ ያርፋል። ዶሮዎቹ እስከ ዓይናቸው ነክረው ይበሉና ያንኑ አፍ በነጭ ላባቸው ይጠርጋሉ። እንቁላሉ ሲሰበር ቅርናቱ ቤቱን ይሞላዋል። ባለቤቴ ግን አራቱን ባንዴ ጠብሶ ይበላል፤ ከዚያ ያገሳል። እሱ ሲያገሳ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።

አባቴ የሚኖረው አምባሰል ነበር። አዋጁ ወጥቶ የእሱን መሬት ሊያከፋፍሉ ገመድ ይዘው ከለኩት ጎረምሶች አንዱ ባለቤቴ ነው። እሱን ካገባሁ ወዲህ አባቴ ደጄን ረግጦ አያውቅም፤ ከቤቴ ውሃ እንኳ አልቀመሰም። ስንት ሽማግሌ ከተላከበት በኋላ፣ አርብ ከጁምዓ መልስ ምሳ በልቶ ዱዓ ሊያደርግልን እሺ አለ።

በእኛ አገር ነጃሳ የምትለቅም ዶሮ እንዲሁ ተይዛ አትታረድም። ሦስት ቀን ታስራ ንጹሕ እህል ትበላለች፤ ሆዷ ይጠራል። ማክሰኞ ጧት አንዷን ከቤቱ ጀርባ አሰርኳትና በቆሎ በእጄ አበላኋት። አርብ ጧት ላመጣት ስሄድ ገመዱ ብቻ ተጋድሟል። እሷ ቆርቆሮው ውስጥ እስከ አንገቷ ገብታ አንጀት ትጎትታለች። ለካ ባለቤቴ ከሳች ብሎ ሐሙስ ፈቷታል፤ አባቴ ፊት የሰባች ዶሮ ማቅረብ ፈልጎ ነው።

ጎረቤታችን አስራ የቀለበቻት ያበሻ ዶሮ ነበረቻት። እሷን ልዋስ ብለው ባለቤቴ ሞቼ እገኛለሁ አለ። አባቴ ከገዛ እርሻችን በልቶ፣ ልጁን የሰጠው ለሰው መሆኑን እንዲያይለት ነበር ምኞቱ። ያችኑ ከቆርቆሮው ያወጣናትን ቢስሚላህ ብሎ አረዳት። ስገነጣጥላት የዓሣው አንጀት ሳይፈጭ እጄ ላይ ወጣ። በሎሚና በጨው አሥር ጊዜ አጠብኳት። ቅርናቱ ግን ከእጄም ከድስቱም አልለቅ አለ። እንባዬን ሲያይ ሽንኩርቱ ነው አልኩት።

አባቴ መጣ፤ እጁን ታጠበ። የመጀመሪያውን ጉርሻ አፉ አጠገብ ሲያደርስ እጁ ቆመ።

«ስንት ቀን አሰራችኋት?» አለ ባለቤቴን እያየ።

«ሦስት ቀን» አለ ባለቤቴ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዋሽቼው አላውቅም፤ ይህንንም ያውቃል። ሐቁን ብናገር ተነስቶ ይሄዳል፤ ሁለተኛም አይመለስም።

«አንቺስ ልጄ?»

«ሦስት ቀን ነው፣ አባዬ።»

ጎረሰ። ቀስ ብሎ አላምጦ ዋጠ፤ ደገመ። ከፊቱ የቀረበለትን ሁሉ ጨረሰ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ለትዳራችን፣ ለሚወለዱት ልጆቻችን፣ ለእርሻችንም ሳይቀር ረጅም ዱዓ አደረገ። ባለቤቴ አሚን እያለ ያለቅሳል። እኔ አሚን ሳልል ወጥቼ አጥሩ ሥር አስመለሰኝ። ከዶሮዋ አንድ ጉርሻ አልቀመስኩም፤ የቀፈፈኝ የገዛ አፌ ነው።

ልሸኘው ስወጣ እንጆሪው ጋ ቆመ። ጎንበስ ብሎ አንዷን ቀጠፈና በላት።

«ሌላ ጊዜ ስመጣ ዶሮ አትረዱ» አለኝ። «ይኸ ይበቃኛል።»

እስኪሞት ድረስ ሲመላለስ ኖረ። አንድም ቀን ዶሮ አላቀረብኩለትም፤ እሱም የዚያችን አርብ ዶሮ አንድ ቀን አላነሳብኝም።