ባዶ ወንበር ላይ የሚሠራ ሥራ

ጅጅጋ በገባሁ ማግስት በኮምፒውተር ባለሙያነት ሥራ ጀመርኩ። የውሃ ጽሕፈት ቤታችን አንድ ሰርቨር፣ ማለትም አንድ ትልቅ የጋራ ኮምፒውተር ብቻ ነበረው፤ ሠራተኛው ሁሉ በየጠረጴዛው ስክሪንና ኪቦርድ ይዞ የሚሠራው በዚያው ላይ ነው። ኃላፊዬ አቶ አብዲ የሰርቨሩን ክፍል ቁልፍ ሰጡኝና «ከተንቀረፈፈ የማውቀው አንተን ነው» አሉኝ። እንኳን ደህና መጣህ መሆኑ ነው።

ጭንቁ ጠዋት ጠዋት ነበር። ከሰዓት በኋላ ብዙው ሰው ለጫት ስለሚቀመጥ፣ ሁሉም ከቀትር በፊት ለመጨረስ ይራኮታል። አንድ ጠዋት አቶ አብዲ ሪፖርታቸው አልከፈት ብሏቸው በንዴት መጡ። ስክሪኔ ላይ የተደረደሩትን ፕሮግራሞች አዩ።

«የሂቦ ወንበር ባዶ ነው፤ ፕሮግራሟ ግን ይሄዳል። ወላሂ፣ ሰው በሌለበት ምን ሥራ አለ? ግደለው!»

ሂቦ የጉድጓድ መሐንዲሳችን ናት። የት እንደሚቆፈር የሚለየውን ስሌት አስጀምራ ቁፋሮው ወደሚካሄድበት ወደ ኤረር ወርዳለች። ካቋረጥኩት ከሀ ሁ መጀመር ነው፤ የቁፋሮው መኪና ደግሞ ቦታው ካልተነገረው በማግስቱ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል። ይህን ነገርኳቸው። እኔም ገና የሙከራ ቅጥር ላይ ስለነበርኩ ፈርቻለሁ።

«የእኔስ ሪፖርት?» አሉ።

«ቁርስ ቤት አስተናጋጁ አንድ አይደል? ለአንዱ ፉል አቅርቦ ወደ ሌላው ይዞራል፤ የሚበላውን ቆሞ አይጠብቅም። የሰርቨሩ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩም፣ ለእያንዳንዱ ሥራ ቅንጣት ጊዜ ሰጥቶ፣ የደረሰበትን ይዞ፣ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ከመፍጠኑ የተነሳ ሁላችንም ለእኔ ብቻ የሚሠራ ይመስለናል። ከዚህ ዝርዝር አብዛኛው ተኝቷል፤ ባለቤቱ ኪቦርዱን እስኪነካ ተራ አይሻማም።»

«የሂቦስ?»

«አልዋሽዎትም፣ ይሻማል። ግን ቅድሚያውን ዝቅ አደርገዋለሁ። እናንተ ስትሠሩ የተረፈውን ይወስዳል፤ ለምሳ ስትወጡ ሙሉውን።»

«ዋርያ፣ አንተ ልጅ፣ ሪፖርቴ ካልተከፈተ ኤረር በእግርህ ነው የምትሄደው!»

አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፍኩ። ሪፖርቱ ተከፈተ። ሳያመሰግኑኝ ወጡ።

ቀትር ላይ ቢሮው ጭር ሲል ስሌቱ ፈጠነ። ሳምቡሳዬን እየበላሁ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከአሥር ሰዓት በፊት አለቀ፤ ቦታውን ለሂቦ በስልክ ነገርኳት።

ከቀናት በኋላ ደወለች። ከኋላዋ እልልታ ይሰማል። «ውሃ ወጣ!» አለች። ስልኩን ለአቶ አብዲ ሰጠኋቸው። በሶማልኛ መረቋት፤ ከዚያ እኔም እንድሰማ በአማርኛ፣ «ሂቦ፣ ሥራሽን ግደለው ያልኩት እኔ ነበርኩ» አሏት። ያን ቀን ወደድኳቸው።

ዛሬም ፕሮግራም ከመግደሌ በፊት፣ ማን አስጀመረው ብቻ ሳይሆን ማን እየጠበቀው ነው ብዬ እጠይቃለሁ።