«ያንቺ» የማይባልበት ጂም

የሬኒ ስላዴክ ጉልበት ከልጅነቷ ጀምሮ ከጠባሳ ነፃ ሆኖ አያውቅም። ቁመቷ አጭር ነው፤ መረብ ኳስ ደግሞ የረጃጅሞች ጨዋታ ነው። ስለዚህ ሊበሮ ሆነች፦ የተለየ ቀለም ያለው ማሊያ ለብሳ ከኋላ የምትቆም፣ መረቡ ላይ ዘላ መምታት የማይፈቀድላት፣ ሥራዋ ኳሱ ወለል እንዳይነካ መጋደል ብቻ የሆነ ተጫዋች። ጭብጨባውን መቺዎቹ ይወስዱታል፣ የወለሉን ፍትጊያ እሷ። በነብራስካ ግዛት ባለችው ትንሽ ከተማ በቴልበርግ ግን ሊበሮን የሚንቅ የለም። እዚያ አሮጊቶቹ ሳይቀሩ ማን ኳስ አንሥቶ ማን እንደጣለ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመው ይተቻሉ።

ወለል ላይ መውደቅን ያስተማረቻት ካርሊ ዶብሪ ናት፤ በአራት ዓመት ትበልጣታለች። ካርሊ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ትምህርት ሲዘጋ የሰፈሩን ሕፃናት ጂም ሰብስባ ታሠለጥን ነበር። ሬኒን ገና በመጀመሪያው ቀን በሆዷ ተዘርግታ ስታያት «ጉርጥ» ብላ ሰየመቻት፤ ስሙም ተጣብቆ ቀረ። የካርሊ ትምህርት አንድ የማይሻር ሕግ ነበረው። ኳስ በሁለት ልጆች መካከል ሲመጣ አንዷ «የኔ!» ብላ መጮኽ አለባት። የጠራችው ትወስዳለች፣ ሌላዋ ዞር ትላለች።

«‹ያንቺ› ያለች ልጅ ግን ጂሙን በሩጫ ትዞራለች» ትላቸው ነበር። «‹ያንቺ› ማለት ምን ማለት ነው? ‹እኔ አላነሣውም› ማለት ነው! ሁለታችሁም ቆማችሁ ስትተያዩ ኳሱ በመሃላችሁ ዷ! ሰምተሻል ጉርጥ?»

«ሰምቻለሁ።»

እውነቷን ነው፣ ሰምታ ነበር። ጉዱ የመጣው ስትረሳው ነው።

ካርሊ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳ ቤከር ፎርክ ኮሌጅ ገባች፤ እዚያም ሊበሮ ሆነች። ኮሮና ሰውን ሁሉ ቤቱ ከርችሞ በያዘበት ጊዜ የዚያው ኮሌጅ አሰልጣኝ ሎማክስ ለሬኒ ደወለች። አሰልጣኞች ጂም ገብተው ልጅ ማየት ተከልክለው ስለነበር ያየቻት በቪዲዮ ብቻ ነው። «ካርሊ ስትጨርስ ቦታው ያንቺ ነው» አለቻት። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህችን ቃል ይዛ ሬኒ የጠየቋትን ሌሎች ኮሌጆች በሙሉ «ይቅርታ፣ ተይዣለሁ» ብላ መለሰች። እናቷ ዳርላ፣ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ የምትነዳው፣ የቤከር ፎርክን ሐምራዊ ሹራብ ገዝታ ከዚያ ወዲያ ከላይዋ አላወለቀችውም። ከተማውም ልጅቷን እንደ ገባች ቆጠራት። ላም አለኝ በሰማይ!

ከዚያ የኮሮናው ሕግ መዘዙን ይዞ መጣ። ወረርሽኙ ያበላሸው የውድድር ዓመት አይቆጠርም ተባለ፤ ያኔ ኮሌጅ ውስጥ የነበረ ተጫዋች ሁሉ ከፈለገ አንድ ዓመት ተጨምሮለት ይጫወታል። ደግነት ነው ብለው አወጁት። ለማን? ተመርቀው መሄድ የነበረባቸው ትልልቅ ሴቶች ወንበራቸውን ሙጭጭ አድርገው ሲይዙ፣ ከታች የሚመጡት ልጆች ደጅ ቀሩ። እንግዳ አልሄድ ባለበት ቤት ጦሙን የሚያድረው የቤቱ ልጅ ነው።

መጋቢት ላይ ሎማክስ እንደገና ደወለች። ሬኒ ስልኩን ያነሣችው በእናቷ ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ነው።

«የኔ ቆንጆ፣ ካርሊ የተጨመረላትን ዓመት ልትጫወት ወስናለች» አለች አሰልጣኟ። «ቡድኑ ሞልቷል። ከፈለግሽ በራስሽ ወጪ ተምረሽ አብረሽን ልምምድ መሥራት ትችያለሽ። ማሊያ ግን የለም።»

«ኮች፣ ያንቺ ነው ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ነው እኮ። ዘንድሮ አይደለም እንጂ።»

ሬኒ መልሳ ያባረረቻቸውን ኮሌጆች ለመነች። ሁሉም ጋ አንዷ አልሄድ ብላ ቦታው ላይ ተቀምጣለች። ዳርላን ደግሞ የያዛት ጭንቅ ሌላ ነበር። የሚያዝያው የፊርማ ቀን ደርሷል። በዚያ ቀን ለኮሌጅ የሚጫወቱ ልጆች ጂም ውስጥ ጠረጴዛ ተዘርግቶላቸው፣ የኮሌጃቸውን ኮፍያ አጥልቀው በሰው ፊት ይፈርማሉ፤ እናቶችም ኬክ ያመጣሉ። ዳርላ ሐምራዊውን ኬክ ካዘዘች ሰነባብታለች።

«ዝም ብለሽ ተቀመጪና ኮፍያውን አድርጊ» አለቻት። «ማሊያ አላት የላትም ብሎ ማን ይመረምርሻል?»

«እማ፣ ቦታ የለኝም! ምን ብዬ ነው የምፈርመው?»

«ታዲያ ሰዉን ምን ልበለው? አውቶቡሴ ውስጥ ያሉት ሕፃናት ሁሉ ሐምራዊ ለብሰው ሊመጡ ነው!»

«ኬክሽን ለካርሊ ውሰጂላት።»

ካርሊ! ሬኒ ስሟን ስትጠራ ጥርሷ ይፋጭ ነበር። ከሎማክስ ይልቅ የጠላችው ካርሊን ነው፤ ሎማክስን ቀድሞም አልወደደቻትም፣ ካርሊን ግን ትወዳት ነበር። ወዶ መጥላት ደግሞ ክፉ ነው።

ከፊርማው በፊት ባለው እሑድ የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ተጫዋቾች ከአሁኖቹ ጋር በየዓመቱ የሚያደርጉት ግጥሚያ ነበር። ካርሊ መጣች። ሎማክስም ሌላ ልጅ ልታይ መጥታ ፈንዲሻ ይዛ ከላይ ተቀመጠች። ሬኒ ተራዋ ደርሶ ማስጀመሪያውን ሰርቭ ስትመታ ኳሱን ወደ ማንም ሳይሆን ወደ ካርሊ ብቻ ትልክ ጀመር፤ ደረቷ ላይ፣ እግሯ ሥር፣ ጆሮ ግንዷ ላይ። ካርሊ ሁሉንም አንሥታ በለስላሳው ታቀብላለች፤ ይባስ ብላ ትስቃለች።

«ጉርጥ፣ ከዚህ በላይ የለሽም?»

«ለእርጅናሽ አዝኜ ነው!»

«እናትሽ አውቶቡስ ስትነዳ ከዚህ ይበልጥ ታስፈራለች!»

ሕዝቡ ሳቀ፤ ዳርላም ሳትቀር ሳቀች። ለሬኒ ያ ሳቅ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነባት።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ከቀድሞዎቹ አንዷ ልጇን ልታጠባ ወጣች። ሰው ስለጎደላቸው ሬኒን ወዲያ አሻገሯትና ከካርሊ ጎን ቆመች። አልተያዩም። ወዲያው ኳሱ በኃይል ተመትቶ በሁለቱ መካከል መጣ።

«የኔ!» አለች ካርሊ።

ቀድማ ጠርታለች፣ ጂሙ ሁሉ ሰምቷል። በሕጉ ሬኒ ዞር ማለት ነበረባት።

«የኔ!» ብላ ጮኸች ሬኒ፤ ዞርም አላለች። ኳሱን አነሣችው፤ ግንባሯ ግን የካርሊ አፍንጫ ላይ አረፈ። ከፊት የነበረችው መቺ ኳሱን ወዲያ ማዶ ተከለችውና ነጥብ ሆነ። የተጀመረው ጭብጨባ ወለሉ ላይ ደም ሲታይ ተቋረጠ።

ካርሊ መታጠቢያ ክፍሉ በር ላይ አፍንጫዋን በወረቀት ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ነበር። ሬኒ ተከትላት የሄደችው ይቅርታ ልትጠይቅ አይደለም።

«ቦታዬን ሰረቅሽኝ» አለቻት።

«ቦታሽን? መቼ ጠራሽው?»

«ኮች ቃል ሰጥታኛለች!»

«ምን ብላ? እስቲ በራሷ አፍ ንገሪኝ።»

«ያንቺ ነው ብላ።»

ካርሊ ሳቀች፤ ሳቁ አፍንጫዋን አሳመማት። «አንቺ ጉርጥ! ለእኔም እንደዚያ ብላኝ ነው የመጀመሪያውን ዓመት ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያስቀመጠችኝ። ‹ያንቺ› ያለሽን ሰው አምነሽ ይህን ሁሉ ጊዜ እጅሽን አጣጥፈሽ ትቀመጫለሽ? ምን ብዬ ነው ያስተማርኩሽ? እኔ ዓመቱ ሲጨመር በማግስቱ ቢሮዋ ገብቼ ‹የኔ ነው› አልኳት።»

«እኔ እንደምመጣ እያወቅሽ።»

«እያወቅሁ! አባዬ ላሞቹን ሸጧል። መረብ ኳስ ባቆምኩ በማግስቱ እህል ጎተራው ውስጥ ሚዛን ጠባቂ ነኝ። ላንቺ ስል ልሂድልሽ? አልሄድም።»

እውነትነቱ ሬኒን ይበልጥ አናደዳት። እጇን እንዳታነሣ ስትታገል ሎማክስ ከኋላ ደርሳ ትከሻዋን አቀፈቻት።

«ምን ዓይነት ኳስ ነው ያነሣሽው!» አለች፣ ካርሊን ዞር ብላ እንኳ ሳታይ። «አየሽ የኔ ቆንጆ፣ አንድ ዓመት በራስሽ ወጪ ታገሺ። በሚቀጥለው ዓመት ቦታው ያንቺ ነው።»

ካርሊ ወረቀቱን ከአፍንጫዋ ላይ አነሣች። ሬኒና እሷ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ። አልታረቁም፤ ግን ሁለቱም ያችኑ ቃል ሰምተዋል።

«ኮች» አለች ሬኒ፣ የአሰልጣኟን ክንድ ከትከሻዋ ላይ አንሥታ፣ «እኛ ጂም ውስጥ ይህን ቃል የተናገረ ይሮጣል።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ይሩጡ ነው የምልዎት።»

በማግስቱ ሬኒ ሁለት ዓመት ብቻ ወደሚያስተምር ትንሽ ኮሌጅ ደወለች። አሰልጣኙ ፌልት የሚባል ሰው ነው፤ ካባረረቻቸው አንዱ ነበር፣ እሱም አልረሳም።

«ልጅት፣ ያኔ ስልክ ዘግተሽብኛል» አላት። «ሊበሮ አለችኝ። ለእሷም ዓመት ተጨምሮላታል፤ ደግሞ ካንቺ ትሻላለች። እኔ ቃል የምሰጥሽ ነገር የለም። ማሊያው የበለጠችው ነው። ነሐሴ ላይ መጥተሽ ከነጠቅሻት ነጠቅሻት፣ ካቃተሽ በመጣሽበት ትመለሻለሽ።»

«እነጥቃታለሁ።»

«ስሟን እንኳ አልጠየቅሽም።»

«ስሟ ምን ያደርግልኛል?» አለች ሬኒ።

ረቡዕ ዕለት ጂሙ ጢም ብሎ ሞላ። ሕፃናቱ እንደተፈራው ሐምራዊ ለብሰው መጡ። ካርሊ አፍንጫዋ ላይ ፕላስተር ለጥፋ ከፊት ረድፍ ተቀመጠች፤ ታናሽ እህቷ ለሩጫ ልትፈርም ነበርና መቅረት አልቻለችም። ዳርላ ከሰኞ ጀምሮ ልጇን ባታናግርም ሐምራዊውን ኬክ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች፤ አጠገቡ ደግሞ በግትርነት ሐምራዊውን ኮፍያ። የፌልት ኮሌጅ ብርቱካናማ ኮፍያ ከሬኒ ወንበር ሥር ተደብቋል።

«ሬኒ ስላዴክ!» አለ ርዕሰ መምህሩ በማይኩ። «እስቲ ንገሪን፣ ወዴት ነው?»

ሬኒ ተነሥታ ሐምራዊውን ኮፍያ ያዘች። ሕፃናቱ ጮቤ ረገጡ። ዳርላ እፎይ ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ካርሊ!» ብላ ጠራች ሬኒ። ካርሊ ቀና ስትል ኮፍያውን ወረወረችው። «ያንቺ!»

ካርሊ ዓይኗን ከሬኒ ላይ ሳትነቅል እጇን ጭኗ ላይ እንዳጣጠፈች ቀረች። ኮፍያው እግሯ ሥር ወደቀ፤ ያነሣውም አልነበረም።