ሙጂባና የተደጋገመው ወሬ

ሙጂባ ልጅ ሳለች አባቷ በቁሙ ተለቅሶለታል። ሰውየው ከወሎ ወርዶ አዋሽ ሸለቆ፣ መልካ ወረር ጥጥ ሊለቅም ሄዶ ነበር። ድርቁ ሲበረታ እናቷ እሷን ይዛ በጭነት መኪና ተከተለችው። ሚሌ ሲደርሱ አንድ መንገደኛ፣ «ባልሽን ወባ ጨረሰው» አላት። ሴትዮዋ አምና ሐዘን ተቀመጠች። ሙጂባም እዚያው አንድ ምግብ ቤት ጓሮ በወባ ወደቀች፤ መትረፏን ማንም አልጠበቀም። ውሃ ያቀበላቸው አንድ የአፋር ሽማግሌ ብቻ፣ «መቃብሩን ያየ ማነው? ሌላስ ማን ነገረሽ?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው በመንገደኞች አስጠየቀ፤ ብዙ ሳይቆይ አባትየው ራሱ መጣ። የሞተው አብሮት ያድር የነበረ ሌላ ሠራተኛ ነበር።

ሙጂባ ዛሬ አዋሽ ከተማ ምግብ ቤት አላት፤ ምሳዬን የምበላው እዚያ ነው። ከምግብ ቤቱ ሌላ ድረ ገጽ አላት። በሸለቆው ውስጥ ጦማር የሚጽፉ፣ ፖድካስት የሚቀዱ ሰዎች አሉ፤ የእነሱን ሥራ እየመረጠች አንድ ቦታ ታሰባስባለች። ራሷ ያልሰማችውን አትለጥፍም። አንድ ሰው፣ «እንዲህ ሆነ» ካለ፣ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ፣ ከሰማስ ከማን፣ ብላ ትደውልለታለች። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ የሚለዋወጡት በዚህ ሥርዓት ነው፤ ዳጉ ይሉታል።

ገጹ ግን እየከበደ ሄደ። በስልክ ለመክፈት ሻይ የሚያስጨርስ ሆነ። ይህን ጊዜ ሰመራ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የሚሠራ ፍቅረማርያም የሚባል ወጣት፣ በመንገዱ ሲያልፍ ለምሳ ጎራ ብሎ፣ «ላቅልልልዎት፤ በነፃ» አላት።

«በነፃ?»

«በነፃ እትዬ ሙጂባ። እኔም አዳማጭ ነኝ።»

«የማን አዳማጭ?»

«የሹፌሩ፣ የጀማሉዲን። የጅቡቲን መንገድ ሲያወራ ደስ ይለኛል።»

«እንግዲያው እሱን ከገጹ አናት ላይ ልታወጣው ነው።»

ልጁ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። የይለፍ ቃሉን ሰጠችው፤ ግን ሰመራ ላሉ ባጃጅ ነጂዎች እየደወለች ከማን ጋር እንደሚውል ታስጠይቅ ጀመር። «ከማንም ጋር አይውልም» አሏት። ይሄ ይባስ አስጠረጠራት።

«ሰው የሌለው ሰው አለ እንዴ?» አለችኝ።

«ሥራ የሚበዛበት ይሆናል» አልኳት።

«አንቱ ደግሞ፣ ለሁሉም ምክንያት አያጡም።»

ገጹ ቀለለ፤ ወዲያው ይከፈታል። እሷ ግን ማለዳ ማለዳ የጎደለ ነገር ትፈልግ ነበር።

ነሐሴ ላይ የአዋሽ ወንዝ ሞላ። ሦስት ሰዎች ስለዚሁ ተናገሩ። መልካ ወረር የምትኖረው ሙሉሐረግ ውሃው የጥጥ እርሻውን ግድብ ሲያልፍ አየሁ ብላ ጻፈች። ጀማሉዲን ከመኪናው ሆኖ ያየውን ቀድቶ ላከ። የከብት ሐኪሙ አብዱረህማን ደግሞ በአፋርኛ፣ ከወንዙ ዳር ራቁ አለ። ሙጂባ ሦስቱንም ጠዋት ለጠፈች። ከመልካ ወረር በታች ያሉ አርብቶ አደሮች ፍየሎቻቸውን ይዘው መነሳት ጀመሩ።

ከዙሁር ሶላት በኋላ ስልኳ ጮኸ። ከወንዙ ዳር አንድ ሰው ነበር።

«ሁለቱ የት ሄዱ?»

«የትኞቹ ሁለት?»

«ሹፌሩና ሐኪሙ። አንዷ ብቻ ቀርታለች። ውሸት ቢሆን ነው ያነሱት ብለን ቁጭ ብለናል።»

ገጹን ከፈተች። እውነትም የሙሉሐረግ ጽሑፍ ብቻ ነበር። ለፍቅረማርያም ደወለች፤ ድምፁን አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ።

«ማነው ያዘዘህ?»

«ምኑን?»

«ሁለቱን ሰዎች ማን አስወረደህ?»

«ማንም አላወረዳቸውም። ስለ አንድ ጉዳይ ወሬ ሲደጋገም ገጹ ራሱ ቀትር ላይ አንዱን ብቻ እንዲያስቀር አድርጌው ነው። ሦስቱም ያው ወንዙ ሞላ ነው የሚሉት።»

«ያው ስለሆነ እኮ ነው የለጠፍኩት!»

«እትዬ፣ አንድ ሰው ከነገራቸው አይበቃም?»

«ለአንተ ይበቃል። ፍየል ይዞ ወንዝ ዳር ለተቀመጠ ሰው አይበቃውም። ጠዋት ሦስት የነበሩ ቀን አንድ ሲሆኑ፣ ሁለቱ የዋሹ ነው የሚመስለው። አሁኑኑ መልሳቸው።»

መለሳቸው። እሷም ለደወለው ሰው፣ «ወላሂ ሦስቱም በቃላቸው ናቸው፤ ከፈለግህ ሐኪሙን ራሱን ጠይቀው» ብላ የአብዱረህማንን ስልክ ሰጠችው። የአስር ሶላት ሳይሰገድ ሰዎቹ ተነሱ። ውሃው ሲመሽ ደርሶ ጎጆዎቹን ወሰደ። ሰው አልነካም።

በሳምንቱ በሚኒባስ ሰመራ ሄዳ ልጁ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እያንዳንዱን ነገር አስከፍታ አየች። አሁን በገጹ ላይ ለአንድ ጉዳይ አንድ ርዕስ ነው ያለው፤ ከሥሩ የተናገሩት ሁሉ፣ ማን እንዳየና ማን እንደሰማ ተለይቶ ተቀምጧል። እንደቀለለም አለ። ስትመለስ ግን የይለፍ ቃሉን ቀየረችው።

ልጁ ደወለ። «አሁንም ይጠረጥሩኛል ማለት ነው?»

«እንዴታ» አለችው። «ለምሳ ግን ና።»

ይህን ልጽፍ ስነሳ በዚህ ሁሉ ሥራ ከሁሉ የሚበልጥብሽ ምንድነው ብዬ ጠየቅኋት። ሳህን እያነሳች መለሰችልኝ፦

«የገጹ መፍጠን ነው እንዳልል ፈጥኖም አየሁት። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ያ ሰውዬ መደወሉ ነው። ሁለቱ የት ሄዱ ብሎ ባይጠይቀኝ እኔ በምን አውቅ ነበር? ያመጣሁለትን ሁሉ ዝም ብሎ የሚያምነኝ አዳማጭ አልፈልግም። እንደሱ የሚጠይቀኝ ይኑረኝ እንጂ፣ የቀረውን ከልጁ ጋር እየተጨቃጨቅንም ቢሆን እናስተካክለዋለን።»