የመረግሁት ግድግዳ

ግድግዳውን የመረግሁት እኔ ነኝ። በማንም ላይ የማላላክከው ነገር ስለሆነ ከዚሁ ልጀምር። ክረምቱ ሊገባ ሲል ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክቼ፣ እስኪበስል ጥቂት ቀን ትቼ፣ የቀርከሃውን ግድግዳ ከውስጥም ከውጭም ደፈንሁት። መስኮቷ ላይ ወፍራም ላስቲክ በሚስማር መታሁ። ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት በአሮጌ ጨርቅ ጠቀጠቅሁ። ስጨርስ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቤቱን ዙሪያውን አየሁትና ኮራሁ። እናቴ ማሳል ከጀመረች አንድ ወር ሆኗት ነበር።

ወላጆቼ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ ወደ አሶሳ ሲመጡ መሬቱንም፣ ከብቱንም፣ ዘመዱንም ጥለው ነው። ብርድ መፍራታቸውን ግን አልጣሉትም። የአሶሳ ፀሐይ ናላ እያዞረች እንኳ በእኛ መንደር ሰው ሲታመም «ብርድ መታው» ይባላል፤ መጀመሪያ የሚደረገውም በርና መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ነው። ወደ ባምባሲ በሚሄድ ሚኒባስ አንድ ሰው መስኮት ቢከፍት ከኋላ አምስት ሰው ይጮህበታል። እኔም ከጯሂዎቹ አንዷ ነበርሁ።

ጎረቤታችን የበርታ ሴት ናት። የእናቴ እኩያ ስለሆነች አክስቴ እያልሁ ነው የምጠራት። የእሷ ቤት ግድግዳ የተጠላለፈ ቀርከሃ ብቻ ነው፤ ጭቃ አልነካውም፤ ሲመሽ ውስጥ ያለው መብራት በቀዳዳው ሁሉ ይታያል። ስመርግ መጥታ ቆማ አየችኝ።

«ያ ቢቲ፣ ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ። ያ ቢቲ ማለት በእነሱ ልጄ ማለት ነው፤ በእሷ አማርኛ ሴቱም ወንዱም «አንተ» ነው። «ሰው እንደ ማሽላ ጎተራ ውስጥ ይገባል እንዴ? እማማ ሳል አለው። ንፋስ ይፈልጋል።»

«ንፋሱ አይደል እንዴ ያሳላት፣ አክስቴ!» አልኋት፣ ተማርሁ ባይ ነኝና ፈገግ ብዬ።

«ማሌሽ፣ ግድ የለም። ቤቱ የአንተ ነው» ብላ ሄደች።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። በኮሮና ጊዜ በትምህርት ቤታችን ስለ ማስክ የሚያስረዳ ሰው ሲፈለግ የተመረጥሁት እኔው ነበርሁ። ልጆቹን አሰልፌ «አገጫችሁ አይተነፍስም፤ አፍንጫችሁን ሸፍኑ» እያልሁ አስቄያቸዋለሁ። ዝጎ አልከፈት ያለውን የክፍላችንን መስኮት በድንጋይ መትቼ የከፈትሁትም እኔ ነኝ። የኮሮና ወሬ ሲበርድ ማስኩ ቀረ፣ መስኮቱም ተመልሶ ተዘጋ። አየሩ በኮሮና ብቻ የሚበከል ይመስል፣ ያንን ሁሉ ትምህርት ረሳሁት።

እናቴና የሦስት ዓመት ልጄ አንድ አልጋ ላይ ነበር የሚተኙት። ልጄ አያቷ ጉያ ካልገባች እንቅልፍ አይወስዳትም። ባለቤቴ በኩርሙክ መንገድ የጭነት መኪና ስለሚነዳ በወር አንዴ ቢመጣ ነው፤ ስለዚህ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ሁለቱን እዚያ በደፈንሁት ቤት ውስጥ ትቻቸው እሄዳለሁ። እናቴ ትለምነኝ ነበር። «ልጀ፣ እማንጎው ሥር ትንሽ ልቀመጥ፤ ደረቴን አፈነኝ» ትለኛለች። «ብርድ ይመታሻል፤ አርፈሽ ተቀመጪ!» እላታለሁ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ልጄን ታቅፋ ማንጎው ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ክንዷን ይዤ አስነሣኋት፤ አስገባኋትና በሩን ዘጋሁ። ልጄ ከውስጥ ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር።

ፌጦ፣ ዳማከሴ፣ ማር በነጭ ሽንኩርት፤ ያልሞከርነው አልነበረም። ሳሉ ባሰ። ሌሊት ልብሷ በላብ ይርሳል፤ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልቆም አለ። ደም የነካው ጨርቅ ትራሷ ሥር ያገኘሁ ለት ግን ጤና ጣቢያ ልወስዳት ቆረጥሁ። ልጄም በዚያው ሳምንት ትኩሳት ጀምሯት፣ የበላችውን ያስመልሳት ነበር። ዝናብ ስለነበረ የባጃጁን ሸራ ግራና ቀኝ አውርደን፣ አራት ሰው የአንዱን ትንፋሽ አንዱ እየሳበ ጤና ጣቢያ ደረስን። ያ ምስኪን ሹፌር ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አክታዋ ተመረመረ። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። ነርሷ ገና ልጅ እግር ናት፤ ከሁሉ አስቀድማ ለእናቴ ማስክ ሰጠቻት።

«አፌን እንደሚያበራይ በሬ ልትለጉሚኝ ነው?» አለች እናቴ።

«እርስዎ ሲያስሉ የሚወጣውን እዚያው ከምንጩ እንዲይዘው ነው፣ እማማ» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ቤታችሁ ስንት መስኮት አለው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ልትከራዪው ነው?» አልኋት። ሰው ሲፈራ ይሳደባል።

ነርሷ አልተቀየመችኝም። ሰው ሲያስል ትልልቁ ፍንጣቂ መሬት ይወድቃል፤ ደቃቁ ግን ዓይን ሳያየው እንደ ጭስ አየር ላይ ተንሳፍፎ ሰዓታት ይቆያል አለችኝ። በተዘጋ ቤት ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ታማሚዋ ከክፍሉ ብትወጣ እንኳ አየሩ ይዞት ይቆያል። በርና መስኮት ፊት ለፊት ሲከፈት ነፋሱ ጠርጎ ያወጣዋል፤ ፀሐይም ትገድለዋለች። «ማስኩ አየሩ ውስጥ የሚገባውን ይቀንሳል፤ መስኮቱ የገባውን ያስወጣል። አንዱ ያለ አንዱ አይበቃም» አለች። ለእኔም አንድ ወፈር ያለ፣ ፊት ላይ ጥብቅ የሚል ማስክ ሰጠችኝ። እኔ ግን የምሰማው ግማሹን ነበር። በልቤ የቤታችንን ግድግዳ እየዞርሁ ቀዳዳ እፈልግ ነበር፤ አንድም አልነበረም።

«ልጅቷስ?» አለች ነርሷ በመጨረሻ።

ልጄ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነበር። ነርሷ የልጄን አንገት ወደ ደረቷ ልታጥፈው ሞከረች፤ እንደ ዱላ ደርቆ አልታጠፍ አለ። የነርሷ ፊት ተለወጠ። «አሁኑኑ ሆስፒታል» አለችኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ ከጀርባዋ አጥንት መካከል ውኃ ቀዱላት። ሐኪሙ በሽታው ወደ አንጎሏ ሽፋን እንደደረሰ ነገረኝ፤ ትንንሽ ልጆች ላይ እንዲህ ይከፋል አለ። «ትተርፋለች?» አልሁት። «መድኃኒቱን ጀምረናል» አለኝ። መልስ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ልጄ ዓይኗን ሳትገልጥ ቀናት አለፉ። ስጠራት ዓይኗ ከሽፋኑ ሥር ይንቀሳቀሳል፤ ሌላ ምንም የለም። አላህን አልለመንሁትም። ምን ብዬ? ዘግቼባት ከርሜ አሁን አንተ ክፈትላት ልበለው?

አንድ ከሰዓት ዝናቡ መጣና አብራን የነበረች አስታማሚ የክፍሉን መስኮት ልትዘጋ ተነሣች። «እንዳትዘጊው!» ብዬ ጮህሁባት። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሴትዮዋ ደንግጣ «ልጆቹን ብርድ ይመታቸዋል እኮ፣ እህቴ» አለችኝ፣ በእኔው ቃል፣ በእኔው ድምፅ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። እሷም ልጇን በብርድ ልብሱ ደህና አድርጋ ሸፍና መስኮቱን እንደተከፈተ ተወችው።

ልብስ ልወስድ ቤት ስመለስ ጎረቤታችን በዶማ ጀርባ ግድግዳችንን ስታፈርስ አገኘኋት። እናቴ ማስኳን አድርጋ፣ ማንጎው ሥር ሆና ታያለች። ከጣሪያው በታች ያለው ጭቃ ረግፎ ቀርከሃው ወጥቷል፤ የመስኮቱም ላስቲክ ተቀዷል። «ተቆጣ ብትፈልግ ተቆጣ» አለችኝ ጎረቤታችን። አልተቆጣሁም። ዶማውን ተቀብዬ እጄ እስኪላጥ መታሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ጭቃው ደህና አድርጎ ይዞ ነበር፤ ሥራዬ ጥሩ ነበር።

ልጄ ተረፈች። ተረፈች ስል ሰው ሁሉ «አልሐምዱሊላህ» ይለኛል፤ እኔም እላለሁ። ቀኝ እግሯ አይታዘዛትም። እንደ ወፍ ስታወራ የነበረች ልጅ ከቃሏ ሁሉ የቀራት ሁለት ሦስት ነው። መድኃኒቱ ገና ወራት ይቀረዋል፤ ሐኪሙ ጊዜ ስጪያት ይላል። ጊዜ እሰጣታለሁ፤ ሌላ ምን አለኝ።

እናቴ ሕክምናዋን በጀመረች በሁለት ወሯ እንደገና ተመረመረች። ነርሷ «አክታዎ ጠርቷል፤ ከእንግዲህ ወደ ሰው አያስተላልፉም። መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ እንጂ ማስኩን ማውለቅ ይችላሉ» አለቻት። እናቴ እሺ አለች። አላወለቀችውም። ለብቻዋ ካልሆነች አትበላም። ቀኑን ሙሉ ውጭ ነው የምትውለው። ልጄ እግሯን እየጎተተች ወደ አያቷ ትሄዳለች፤ እጇን ዘርግታ «እማ» ትላለች፤ ካልጠፏት ቃላት አንዱ እሱ ነው። ልትደርስባት ትንሽ ሲቀራት እናቴ የምትቀመጥበትን ዱካ አንሥታ ራቅ ብላ ትቀመጣለች። ልጄ እንደገና ትነሣለች። እናቴም እንደገና ትነሣለች። ይህን ስንት ቀን በመስኮት ቆሜ እንዳየሁ አላህ ያውቃል።

አንድ ቀን አልቻልሁም። ሄጄ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

«እማ፣ አውልቂው። ልጅቷን እቀፊያት። ጥፋቱ የአንቺ አይደለም» አልኋት።

«ታዲያ የማን ነው? ከእኔ ደረት አይደለም የወጣው?»

«ልውጣ እያልሽኝ የዘጋሁብሽ እኔ ነኝ።»

እጇን ራሴ ላይ አደረገች። ከማስኩ በላይ ዓይኗ እንባ ሞልቶታል። «ኧረ በአላህ፣ አንቺማ ምን አጠፋሽ ልጀ» አለችኝ። «እንዳይበርደኝ ብለሽ ነው እኮ። ለእናቷ ያዘነችን ልጅ አላህ አይቀየማትም።»

ብርዱ ሰበብ ነበር። በእኛ መንደር ሳንባውን ያመመው ሰው ቤት ማንም ገብቶ ውኃ አይጠጣም። የአስተማሪዋ እናት እንዲህ ሆነች እንዳይባል፣ ሳሏ ከግድግዳው ውጭ እንዳይሰማ ነበር የመረግሁት። ያን ቀን ከማንጎው ሥር ያስነሣኋትም አብረውኝ የሚያስተምሩ ሰዎች በመንገዱ ሲመጡ አይቼ ነው።

«አዎ፣ እማ» አልኋት። «እንዳይበርድሽ ብዬ ነው።»