ከደጅ የመለሰችን ሴት

ብቸና ውስጥ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ልጄም ከተማሪዎቼ አንዷ ናት። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ልጆች ተጣብቀው ስለሚቀመጡ፣ አንዱ ሲያስነጥስ ሁለቱ ይደርሳቸዋል።

ያን ሰሞን ኢንፍሉዌንዛ ነው የተባለ ከባድ ጉንፋን ገባና እኔም ኮስተር አልኩ። ብርድ ያስመታናል ብለው ቢያጉረመርሙም መስኮቱን በረገድኩት። ክንዳችሁ ላይ አስነጥሱ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ያመመው ቤቱ ይዋል አልኩ። ሁሉንም እሺ አሉኝ። ያቃተኝ ጥየቃው ነው። በእኛ አገር የታመመን አለመጠየቅ ከጠላትነት ይቆጠራል። አንድ ልጅ ሲቀር ክፍሉ በሙሉ ሙዝና ስኳር ይዞ ይሄዳል፣ አልጋው ላይ ይቀመጣል፣ ይሳሳማል፤ ከቀናት በኋላ ጠያቂዎቹ ራሳቸው ይተኛሉ።

እኔን የሚያስፈራኝ የልጄ ሳምባ ነበር። ያለፈው ክረምት ሞጣ እናቴ ዘንድ ሄደን ሳለ የሳምባ ምች ይዟት ከሞት ነው የተረፈችልኝ። ሆስፒታል መተኛታችንን ሰምታ ከብቸና ተሳፍራ የመጣችልኝ ጎረቤቴ ናት፤ የልጄ የቅርብ ጓደኛ እናት። እስክንወጣ ድረስ ከአልጋው ግርጌ አልተለየችም። ሐኪሙ ልጅቷን ከጉንፋን ጠብቂያት ብሎ ሲያስጠነቅቀኝም አጠገቤ ቆማ ሰምታለች።

እንግዲህ በዚያ ጉንፋን የወደቀችው የዚችው ሴት ልጅ ሆነች። ሞጣ ድረስ የመጣችልኝን ሴት እንዴት ብዬ ልቅርባት? ልጄን ቤት ልተዋት ብል፣ ጓደኛዬን ሳልጠይቅማ አልቀርም ብላ አለቀሰች። ይሉኝታ ክፉ ነው። በሩ ላይ አቆማታለሁ ብዬ ራሴን አጽናንቼ፣ ተማሪዎቼን አስከትዬ ሄድኩ።

ሴትዮዋ ድምፃችንን ሰምታ ኖሮ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅልላ ወጣች። ሁለት እጇን ዘርግታ የግቢውን በር ዘጋችብን።

«ስሞትልሽ ከዚህ እንዳታልፊ» አለችኝ። «ሞጣ የዚችን የልጅሽን ትንፋሽ እኔም አብሬሽ ሳዳምጥ ነው ያደርኩት። ያመጣችሁትን እዚያው አስቀምጡና ሂዱልኝ።»

እንግዳ ከደጅ መመለስ ምን ያህል ነውር እንደሆነ አገር ያውቃል። ልጆቹ ግራ ገብቷቸው አዩኝ። እኔ ግን እግሯ ላይ ብወድቅ በወደድኩ። ሙዙን ድንጋይ ላይ አስቀምጠን፣ በመስኮት ብቅ ላለችው ልጅ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ብለን በአንድ ድምፅ ጮኸን ተመለስን። በመንገድ የሚያልፉ አንድ አባት ቆም ብለው ምን እንዳጣላን ጠየቁን።

ጉንፋኑ ሰነባብቶ ሄደ፤ ልጄን አልነካትም። በትምህርት ቤታችን ጥየቃ ከዚያ ወዲህ ከአጥር ውጭ ሆኗል፤ ልጆቹም ለምደውታል፣ እንዲያውም መጮኹን ሳይወዱት አይቀሩም።

የቀረውን የነገረችኝ የሴትዮዋ ልጅ ናት፤ ድና ክፍል ከተመለሰች በኋላ። ለካ የመለሰችው እኛን ብቻ አልነበረም። ቤታችን ደጃፍ ለደጃፍ ነው፤ እሷን የጠየቀ ሁሉ እግረ መንገዱን እኔ ዘንድ ጎራ ማለቱ አይቀርም። ይህን አስባ እህቷን ሳይቀር ከበር መልሳለች። ዘመድ ተቀይሟታል፤ ኩሩ ሆነች ተብላለች። ለምን እንደሆነ ከልጇ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ ለእኔም ጭምር። ልጇ በትኩሳት ስትቃጠል ለእናትየዋ ውሃ የሚያቀብላት ሰው እንኳ አጠገቧ አልነበረም። የእኔን ልጅ ለማትረፍ ብላ የራሷን ብቻዋን አስታመመች።