ጠሽ ያለችው ጥይት

ወደ መሣሪያ ግምጃ ቤት ሥራ የመራኝ የተሰበረ ጉልበቴ ነው። ቴፒ አካባቢ በፓትሮል ላይ እያለን ከመኪና ወድቄ ተጎዳሁና ከሕክምና ስመለስ «ለረጅም ጉዞ አትሆንም» ተብዬ ሚዛን ተፈሪ ተመደብኩ። ያኔ ኮንስታብል ነበርኩ። ጠመንጃ መሸከምና መወልወል አውቃለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ዕውቀት አልነበረኝም።

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ረዳት ኢንስፔክተር ወርቁ ይባሉ ነበር። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ገና ሰላምታ ሰጥቼ ሳልጨርስ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ክላሽ ጠቆሙኝ።

«አንሣው።»

አነሣሁት።

«አፈሙዙ ማንን እያየ ነው?»

ዞር ስል በመስኮቱ በኩል ግቢውን አቋርጣ የምትሄደውን የጽሕፈት ሠራተኛ እያየ ነው።

«ባዶ ነው፣ ጌታዬ» አልኩ።

«ማን ነገረህ?»

ማንም አልነገረኝም።

«አስቀምጠው። ውጣና እንደገና ግባ።»

ያን ቀን ስወጣና ስገባ ዋልኩ። አንዴ አፈሙዙን እረሳለሁ፣ አንዴ ጣቴ ምላጩ ላይ ያርፋል። በመጨረሻ አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ጥይት የሚይዘውን ካዝና ነቅዬ፣ ማቀባበያውን ስቤ፣ የጥይቱን ማደሪያ በዓይኔም በጣቴም ፈትሼ «ባዶ ነው» ስላቸው ከወንበራቸው ተነሡ። «አሁን ሻይ እንጠጣ» አሉ።

በየዓመቱ ከአጎራባች ዞኖች ፖሊሶች ጋር የዒላማ ተኩስ ውድድር ነበረን። ለውድድሩ ጠመንጃዎቹን የምናዘጋጀው እኛ ነን። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። የእኛ አገር ዝናብ ለቡና እንጂ ለብረት አይሆንም። ማታ ወልውለህ ያስቀመጥከውን ጠመንጃ ጠዋት ስታየው አልቦት ታገኘዋለህ። የሰደፉ እንጨት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ሲያብጥ ብረቱን ይገፋል፣ ጠመንጃውም ትናንት የመታውን ዛሬ ይስታል። ዘይት ሲበዛም ጥፋት ነው፤ ጥይት ጋ ደርሶ ያበላሻል።

አንድ ዓመት የጥይት ሳጥን በመንገድ ላይ ዝናብ ገብቶበት ደረሰ። ኮንስታብል መንግሥቱ የሚባል ቅን ልጅ ማንንም ሳይጠይቅ ጥይቱን ተሸክሞ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ግቢ ገባ። እትዬ ዘነበች የቡና ማድረቂያ አልጋ ነበራቸው። መንግሥቱ ከቡናው አጠገብ ጥይቱን በሰልፍ ዘርግቶ ፀሐይ ያሞቀዋል። እኛ ስንደርስ ሴትዮዋ የቡና ማገላበጫቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ይኼንንም ላገላብጥላችሁ እንዴ?» አሉን።

ረዳት ኢንስፔክተር ወርቁ ሲቆጡ ድምፃቸው ጭራሽ ይቀንሳል። «መንግሥቱ» አሉ በሹክሹክታ፣ «ጥይት ቡና አይደለም። ሙቀት ባሩዱን ይለውጠዋል። ሰብስብ።» ያ ሳጥን ለውድድር አልዋለም፤ ለብቻው ተለይቶ እንዲወገድ ተደረገ። መንግሥቱ ግን «ቡናው» የሚል ስም ወጣለትና እስከ ሳጅንነቱ ተከተለው።

ጠመንጃዎቹ ያነጣጠሩበትን እንዲመቱ የምናስተካክለው ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአንድ ቀይ አፈር ገደል ሥር ነበር። ገደሉ ጥይቱን ይውጠዋል። የአለቃዬ ደንብ፣ ማንም ሳይተኩስ በፊት አንዳችን በእግራችን ከገደሉ በላይ ወጥተን ጫካውን እንድንቃኝ ነው። በዚያ ጉልበቴ ዳገቱን ስወጣ ስንቴ እንዳማረርኩ እኔ አውቃለሁ።

አንድ ጠዋት ወጥቼ ሳይ፣ አንድ ሽማግሌ ትልቅ ዛፍ ላይ ተሰቅለው ቀፎ ያጨሳሉ።

«አባባ፣ እዚህ ተኩስ አለ!» ብዬ ጮህኩ።

«የታለ? እኔ የምሰማው ንብ ብቻ ነው።»

«ገና ልንጀምር ነው።»

«ገና ከሆነማ ልጨርስ።»

ምን ይባላል? ተኳሾቹ ምንጣፍ ላይ ተኝተው ጠበቋቸው። ሽማግሌው እስኪወርዱ ፀሐዩ አናታችን ላይ ደረሰ። ሲወርዱ ግን ማር በኮባ ቅጠል ይዘው መጡና ሁላችንንም አቀመሱን። ከዚያ ወዲያ ዳገቱን ሳማርር የሰማኝ የለም።

ረዳት ኢንስፔክተር ወርቁ ጡረታ ሲወጡ ግምጃ ቤቱን እኔ ተረከብኩ። ዋና ሳጅን ሆኜ ነበር። በዚያን ጊዜ ነው ሳጅን አስቴር ወደ ተኩስ ቡድናችን የገባችው። ተወልዳ ያደገችው ሸኮ ነው። አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት በመሆኑ ቃል መርጣ፣ ቀስ ብላ ትናገራለች። ስትተኩስም እንደዚያው ናት። ትንፋሽዋን ትሰበስባለች፣ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ትለቃለች። ዒላማዋን ሄጄ ስነቅል ቀዳዳዎቹ ተጠጋግተው አንድ ላይ ሆነው አገኛቸው ነበር።

በልምምድ ላይ ለሁሉም አንድ ነገር እደጋግም ነበር፦ የተኩሱ ድምፅ ከተለየባችሁ አቁሙና እጅ አንሡ። ሌሎቹ ይሰሙኛል፣ ይረሱታል። አስቴር ግን ትጠይቃለች።

«ጋሼ ደምሴ፣ ሰዓት እየሄደ ከሆነስ?»

«ይሂድ።»

«ዳኛው ቀጥይ ቢለኝስ?»

«ጠመንጃው ያለው አንቺ ጉንጭ ሥር ነው። ዳኛው ጉንጭ ሥር አይደለም።»

በዚያ ዓመት ውድድሩ ቴፒ ሆነ። ለሁሉም ቡድን የሚታደለው ጥይት አዲስ ነበር፤ ሳጥኑ እንደታሸገ መጣ። ከዳኞቹ ጋር ሆነን ከፈትነው። አንድ በአንድ አየሁ። ዝገት የለ፣ የተጨማደደ ቀለህ የለ፣ ጫፉ ላይ የላላ ዓረር የለ። ንጹሕ ጥይት ነው። በራሴ አንደበት «ደህና ነው» አልኩ።

ሌሊት የዘነበው ዝናብ ጠዋት አቆመ። አስቴር በመጀመሪያዎቹ ዙሮች መራች። ቀጥሎ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ፈጥኖ የሚተኮሰው ዙር ነበር። የቡድናችን መሪ ኮማንደር ግርማ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። እኔ ከተኳሾቹ መሥመር ጀርባ ቆሜያለሁ።

ተኩሱ ተጀመረ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ ይላል ከሁሉም አቅጣጫ። ከመካከሉ አንዷ ጠሽ አለች። የክብሪት ያህል ናት። ከአስቴር ጠመንጃ ነው የወጣችው።

ጠመንጃው ራሱ አላቀባበለም። የአስቴር እጅ እንደለመደው ሄዶ ማቀባበያውን ሳበ። ባዶው ቀለህ ወጣ፣ አዲስ ጥይት ገባ። ጣቷ ወደ ምላጩ ሄደ። «አቁሚ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ እሷ ግን ቀደመችኝ።

ጣቷን አነሣች። ጠመንጃውን አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረገች ምንጣፉ ላይ አስተኛችውና እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

«ምን ሆነሻል? ተኩሺ እንጂ! ሰዓትሽ አለቀ!» ኮማንደር ግርማ ከጥላው ተነሥተው ጮኹ።

አልተነቃነቀችም። ዋና ዳኛው ተኩሱን አስቁመው መጡ። ከአጎራባች ዞን የመጡ ጸጥ ያሉ ኢንስፔክተር ናቸው።

«ምን ገጠመሽ?»

«ድምፁ ልክ አይደለም።»

ዳኛው ወደ እኔ አዩና በእጃቸው ጋበዙኝ። ካዝናውን ነቀልኩ፣ ጥይቱን አወጣሁ፣ ማደሪያውን ፈተሽኩ። ከዚያ የመወልወያውን ዘንግ በአፈሙዙ በኩል አስገባሁ። ዘንጉ እስከ ማደሪያው መውረድ ሲገባው ጥቂት ሲቀረው ቀጥ ብሎ ቆመ። ገፋሁት። ንቅንቅ አላለም።

«እስቲ» አሉ ኮማንደር ግርማ። ዘንጉን ተቀብለው ራሳቸው ሞከሩት። የፊታቸው ቀለም ተለወጠ።

«ዓረሩ ውስጥ ቀርቷል?»

«ቀርቷል፣ ጌታዬ። ከታች ያለችው መለኮሻዋ ብቻ ናት የፈነዳችው። ባሩድ ስለሌለ የሚያስወጣው ኃይል አላገኘም።»

«የሚቀጥለውን ብትተኩስ?»

«መውጫ የለውም። ጠመንጃው እጇ ላይ ይፈነዳል።»

ኮማንደሩ ኮፍያቸውን አወለቁ። አስቴር ወደተቀመጠችበት ሄደው ከፊቷ ቁጢጥ አሉ። «ልጄ፣ የጮህኩብሽን እርሺው» አሏት። እሷ ኮዳዋን ይዛ እጇን እያየች ነበር።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ጣቴ ምላጩ ላይ ሊያርፍ ነበር እኮ።»

አጠገቧ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። «ግን አነሣሽው» አልኳት።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ሁሉም ቡድን የሚተኩሰው ከዚያው ሳጥን ነው። የቡድን መሪዎቹ ዳኛውን ከበቡ። ግማሹ ውድድሩ ይሰረዝ ይላል፤ ግማሹ ከሩቅ አገር መጥተን እንዴት ይሰረዛል ይላል። ዳኛው ሁሉንም ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ባሩድ የሌለው ጥይት ይቀላል አይደል?»

«ይቀላል፤ በእጅ ግን አይለይም።»

«እንግዲያው በሚዛን ይለያል።»

ያ እኔ ያላሰብኩት ነበር። ኮማንደር ግርማም ነገሩን አፈፍ አደረጉት። «ወርቅ የሚገዙ ሰው አውቃለሁ» ብለው ራሳቸው ከተማ ገቡ።

ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ፤ ከኋላቸው አንድ ባጃጅ መጣ። ሐጂ ከድር የሚባሉ ነጋዴ ሚዛናቸውን በጨርቅ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈው ወረዱ።

«ይኼን ሚዛን ለማንም አላውስም» አሉ። «ስለዚህ አብሬው መጣሁ።»

ከዒላማው ሜዳ ራቅ ያለች የቆርቆሮ ዳስ ሥር ጠረጴዛ ተዘጋጀ። እኔ አቀብላለሁ፣ ሐጂ ይመዝናሉ፣ ዳኛው ያያሉ። ጥይት ሁሉ እኩል አይመዝንም፤ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ ይላል። እኛ የምንፈልገው ከሁሉም ወርዶ የሚለየውን ነው። ሐጂ መጀመሪያ ላይ ይቀልዱ ነበር። «ይህ ሁሉ ወርቅ ቢሆን ኖሮ እናንተም እኔም ነገ ሥራ አንገባም!» ይላሉ። እየቆየ ቀልዱ አለቀ። የሚሰማው ጥይቱ ሳህኗ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ሆነ። ተኳሾቹ ከቦታቸው ተነሥተው ዳሱን ከበውታል።

ሳጥኑ ሊያልቅ ሲል ሐጂ እጃቸውን አነሡ።

«ይቺ ትቀላለች።»

እንደገና መዘኗት። ሌላ ጥይት አስቀምጠው አነጻጸሩ፤ መልሰው መዘኗት። ትቀላለች። ጥይቷን ወስጄ በጥንቃቄ ዓረሩን ነቀልኩና ነጭ ወረቀት ላይ ገለበጥኳት። ምንም አልወረደም። አንድ ፍሬ ባሩድ የለባትም። ከውጭ ብታዩዋት ከጓደኞቿ በምንም አትለይም፤ ጠዋት «ደህና ነው» ያልኩት እሷንም ጨምሬ ነው።

የቀሩት ሁሉ ተመዘኑ፤ ሌላ አልተገኘም። ሐጂ ከድር ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳርፈው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ኮማንደር ግርማ አማተቡ። ከሰሜን በኩል ካለው ዞን የመጣ አንድ ግዙፍ ሳጅን ወረቀቱ ላይ ያለችውን ባዶ ቀለህ እያየ «ይቺ የማን ነበረች ይሆን?» አለ። ከዚያ ድንገት ሰው ሁሉ ማውራት፣ መሳቅ ጀመረ። ባላንጣ የነበሩት ቡድኖች ውኃ ተቀባበሉ።

ውድድሩ ከሰዓት በኋላ ቀጠለ። ዳኛው ለአስቴር ዙሩን እንድትደግም ፈቀዱላት፤ ጠመንጃዋን ግን እኔ ከለከልኩ። ዓረሩን በዘንግና በመዶሻ ባስወጣውም ውስጡ ሳይመረመር አይተኮስበትም። በተጠባባቂ ጠመንጃ ተኮሰች። ለሌላ ሰው የተስተካከለ ስለነበር የመጀመሪያዎቹ ጥይቶቿ ወደ ግራ ሸሹ። እስክትለምደው ዙሩ አለቀ። ሦስተኛ ወጣች።

ዋንጫው ለሌሎቹ ሲሰጥ አጠገቤ ቆማ ታጨበጭባለች። ፊቷ ግን አላጨበጨበም።

«ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ። በራሴ ጠመንጃ ቢሆን አሸንፍ ነበር?»

«ታሸንፊ ነበር።»

«በቃ። እሱን ልስማ ብዬ ነው።»

ስንመለስ በፒክ አፑ የፊት ወንበር ላይ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ተኛች። የኮማንደሩን ቦታ ነው የያዘችው፤ ኮማንደር ግርማ ከእኛ ጋር ከኋላ ሆነው ጭቃ ተረጨባቸው።

ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ እራት አቀረበችልኝ። በላሁ፤ ጨምሪልኝ አልኩ፤ ደግሜ ጨምሪልኝ አልኩ።

«ዋንጫውን በላችሁ እንዴ?» አለች።

«አልበላንም።»

«ታዲያ ምንድን ነው እንዲህ ያስደሰተህ?»

ነገርኳት። ስጨርስ ተነሥታ ሳልጠይቃት ወጥ ጨመረችልኝ።

አስቴር በተከታዩ ዓመት ዋንጫውን ወሰደች፤ አሁን ኢንስፔክተር ናት። እኔ ጡረታ ወጥቼ እዚሁ ሚዛን ነው የምኖረው። ግምጃ ቤት የሚመደቡ ባልደረቦች አንዳንዴ እየመጡ ሥራውን ይጠይቁኛል። የምነግራቸው ብዙ አይደለም። ለውድድር የሚወጣ ጥይት ከመታደሉ በፊት ይመዘን፤ ዓይን አይበቃም። ድምፁ የተለየ ጠመንጃ አፈሙዙ ሳይፈተሽ አይደገምበት። ተኳሽ በራሱ ፈቃድ ካቆመ፣ ለምን እንዳቆመ ሳታውቁ ቀጥል አትበሉት።