ከውስጥ የሚታጠፈው ጋዜጣ

የከሰል ማዕድን ሠራተኞቹ አድማ ከጀመሩ ሰባተኛ ወራቸው ነው። ከአድመኞቹ አንዱ የሆነ አንድ ሰውዬ ጋዜጣ ወደምንሸጥበት ሱቃችን የሚመጣው ሌላ ሰው በሌለበት ሰዓት ነው። ኮቱ ላይ የሠራተኛ ማኅበሩ ባጅ አለ፤ ቦት ጫማው ሥራ የሚገባ ይመስል ጠዋት ጠዋት ይወለወላል። ሁለት ጋዜጣ ይገዛል። አንደኛው ለሠራተኛው የሚቆመው፣ መንደሩ ሁሉ የሚያነበው ነው። ሌላው የአንድ ቱጃር ንብረት ነው፤ አድማ መቺውን «የአገር ጠላት» እያለ ይጽፋል። እዚህ እሱን ይዞ የታየ ሰው መስኮቱ ይሰበራል። ስለዚህ የቱጃሩን በሠራተኛው ጋዜጣ ውስጥ አጥፎ ይደብቀዋል።

«ታዲያ ለምን ይገዙታል?» አልኩት አንድ ቀን፣ ሕፃኑን ልጄን እንደታቀፍኩ።

«የኛው ጋዜጣ ፎቶ የሚያነሳው የኛን ሰዎች ነው» አለ የቱጃሩን ገልጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄ ግን ፖሊሶቹን ከፊት ያነሳቸዋል፣ የኔ ልጅ።» አውራ ጣቱ ከቆብ ሥር ያሉትን ፊቶች አንድ በአንድ አልፎ የእሱኑ አፍንጫና አገጭ የያዘ አንድ ወጣት ጋ ቆመ።

ዛሬ ግን ተሳሳትኩ። ጋዜጣ ለየቤቱ ስንልክ እንደለመድኩት፣ በቱጃሩ ጋዜጣ ጥግ ላይ የሰውዬውን የቤት ቁጥር በእርሳስ ጻፍኩበት። የሰውዬው ፊት አመድ መሰለ። ያኔውኑ ጎረቤቱ ዶሪን የሱቁን በር ከፈተች። ሰውዬው ቁጥሩ ያለበትን ጥግ ቀደደና አፉ ውስጥ ከተተው።

«ምን እያላመጥክ ነው አንተ? በዚህ ችጋር የሚላመጥ አገኘህ!» አለች እየሳቀች።

«የልጄን ብስኩት ሰጥቼው ነው» አልኩ፤ የቱጃሩን ጋዜጣ በልጄ ብርድ ልብስ ሥር ሸሸግኩት።

ሰውዬው ዋጠ። ዓይኑ ግን የፖሊሶቹ ፎቶ ከተሸሸገበት ብርድ ልብስ ላይ አልተነሳም።